ቤቱን ዘግቼ ስመለስ ቁንጫ ወረረኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን
ለፋሲካ ወላጆቼን ልጠይቅ መንዝ ሄጄ፣ ውሻዬንም ድመቴንም ይዤ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ተመልሼ በሩን ከፍቼ ገና ሁለት እርምጃ ሳልራመድ ነጭ ካልሲዬ በቁንጫ ጠቆረ። ሰውም እንስሳም ባልነበረበት ቤት ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ጎረቤቴ ለበግ መዥገር የሚረጨውን ዲያዚኖን ሰጥቶኝ «ሁለቱንም እጠብበት፣ ወለሉንም እርጭበት» ይለኛል። ድመቷ ግን ራሷን ስትልስ ስለምትውል ፈራሁ። ከሐምሌ ጀምሮ ደግሞ ለሥራ ወደ ሸዋ ሮቢት እዛወራለሁ፤ መዥገሩና ትንኙ እዚያ ይብሳል ይባላል።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም
ደግ ፈርተዋል። ዲያዚኖኑን ለጎረቤትዎ ይመልሱለት። ድመቷን ሊገድላት ይችላል፤ መኝታ ቤት ውስጥ ከተረጨ እርስዎንም ይመርዛል። ለውሻ የሚሸጥ ሁሉም ለድመት አይሆንም። ዕቃው ላይ ፐርሜትሪን የሚል ካዩ ለእርሷ አይጠቀሙበት፤ የድመት ጉበት ስለማይፈጨው ያንቀጠቅጣታል፣ ይገድላታልም።

ቁንጫው ከመሄድዎ በፊት እዚያው ነበረ። አንዷ ቁንጫ በቀን ከ40 እስከ 50 ዕንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ ዕንቁላሉ ጠጉር ላይ ስለማይጣበቅ እንስሳው በተኛበት ይረግፋል። የሚፈለፈለው ትል ብርሃን ሸሽቶ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ሙሽሬ (በትልና በሙሉ ቁንጫ መካከል ያለው ደረጃ) ሆኖ በድሩ ተጠቅልሎ ሙቀትና ኮቴ እስኪሰማ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይጠብቃል። የቀሰቀሷቸው እርስዎ ነዎት። መርዝ ያንን ድር በቀላሉ ስለማያልፈው የአንድ ቀን ርጭት አይጨርሰውም። ሁለቱንም እንስሳት በአንድ ቀን፣ በየክብደታቸው በሚታዘዝ መድኃኒት ያክሙ፤ በታዘዘልዎ ልክ ቢያንስ ሦስት ወር ይቀጥሉ። ከአልጋ ሥር ጀምረው በየቀኑ ይጥረጉ።

መልስ፦ አንዲት የመንዝ እናት
ልጄ፣ ሐኪሙ አጎዛውን ረሱት። ድመት የምትተኛው መደቡ ላይ ከተነጠፈው አጎዛ ላይ ነው። አጎዛ አይቀቀልም፣ ይኮማተራል፤ ባናም እንዲሁ። እኔ ደጅ አውጥቼ በዱላ እደበድበውና ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ እዘረጋዋለሁ፤ ትሉ ድርቀት አይችልም። አንሶላውንና የውሻውን ጨርቅ ግን በፈላ ውኃ እጠብ። ውሻውን ስታጥበው ሳሙናውን መጀመሪያ አንገቱ ዙሪያ አረፋ አድርግ፤ ከጀርባው ከጀመርህ ቁንጫው ሁሉ ወደ ጆሮውና ወደ ዓይኑ ይሸሻል። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቀዋለህ፤ ለማጠቡ ቀትርን ጠብቅ።

መልስ፦ ሌላ አባል
ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ወለሉን ነጭ ጋዝ መርጨት ነው።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም
ምድጃ በሚነድበት ቤት? ከቁንጫው ጋር ቤቱም ይሄዳል።

መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት
ወንድሜ፣ ጣርማበርን አልፈህ ስትወርድ ከደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ነው የምትደርሰው፤ ልብስህን ብቻ ሳይሆን ልማድህንም ትቀይራለህ። ማታ ማታ የውሻህን ጆሮ፣ ብብት፣ የጣቶቹን መሐልና ከጅራቱ ሥር ዳስስ። መዥገር ካገኘህ በወረንጦ ከቆዳው ጥግ ያዘውና ሳትጠመዝዝ ቀጥ አድርገህ በቀስታ ሳብ። እዚህም ክብሪት ለኩሶ የሚያስጠጋ፣ ጋዝ የሚቀባ አለ፤ መዥገሩ ሲጨነቅ ምራቁን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል። በጥፍርህም አታፍርጠው። የውሻ መዥገር ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ዕንቁላሉን ስለሚጥል የምትከራየውን ቤት ሳትገባበት አስመርገው።

የሰው ወባ ውሻ አይዝም፤ የሚይዘው አንተን ነው። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለ አጎበር አትተኛ። በርሜልህን ክደን፣ የእንስሳቱን ውኃ በየቀኑ ቀይር፤ ትንኝ ከዕንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጎዛው ፀሐይ ላይ ነው። ውሻውን በቅማል ማበጠሪያ አበጥሬ የወረደውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ሶፍት ላይ ባደርገው ቀላ። ከድመቷ ግን ምንም አልወረደም። እርሷንም ላሳክም?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም
የቀላው ቁንጫው የጠጣው ደም ነው። ድመቷ ምንም ያልተገኘባት እየላሰች ስለምትውጠው ሊሆን ይችላል፤ ከቁንጫ ጋር የሚዋጥ የሆድ ትል ስላለ ከኋላዋ ሩዝ የመሰለ ነገር ካዩ ይንገሩኝ። ያሳክሟት፣ ግን መጀመሪያ ይመዝኗት። ይዘዋት ሚዛን ላይ ይውጡ፣ ከዚያ ብቻዎን ይመዘኑ፤ ልዩነቱ የእርሷ ክብደት ነው።