የተፋሰስ ቡድናችንን ምን ያስማማው?

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ተፋሰስ ላይ የአፈር፣ የደን፣ የእንስሳትና የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያዎች አብረን እንሠራለን። የተጣላነው በተከለለው ተዳፋት ነው። የደን ባለሙያው ጨርሶ ይዘጋ ይላል። የእንስሳት ባለሙያዋ ሣሩ እየታጨደ ለከብት ይዋል ትላለች። እኔ የአፈር ሰው ነኝ። ከብት የረገጠው እርከን ክረምት ላይ ተደርምሶ ቦረቦሩ ሲሰፋ አይቻለሁ፤ ልቅ ግጦሽ መቅረት አለበት። ግን መኖ የሌለው ገበሬ ላሙን የት ያድርጋት?

እርከኑ ላይ ደሾ ሣር ተክሎ እያጨዱ መመገብ ያስታርቀናል ብዬ አስባለሁ። ደሾ አፈሩንም ይይዛል፣ መኖም ይሆናል። ችግሩ ሁሉም የየራሱን ሪፖርት ጽፎ መጨረሻ ላይ መለጠፉ ነው። ይሄ የቡድን ሥራ አይደለም!

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ የሠራችሁ፦ የመጨረሻውን ውሳኔ ማን ይስጥ? ገበሬዎቹንስ ዕቅዱ ሳይጻፍ እንዴት አስገባችኋቸው? ክረምቱ ሳይገባ መልስ ያስፈልገናል።