ልጅ ሲጫወት ደብተር ይዞ መቀመጥ፦ ክትትል ነው ወይስ ስለላ?

የቦይ ቆፋሪዋ እናት፦
ልጄን ቤት ነው የማስተምራት። አምስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ፊደልና ቁጥር ትንሽ እንነካካለን፣ ከዚያ ውጭ ትወጣለች። ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ደስ ካላት ለሦስት። እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ የምትሠራውን ሁሉ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። ከጀመርኩ ስምንት ወር አለፈኝ። ሦስተኛ ደብተሬ ላይ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ካባራ በኋላ ቦይ ስትቆፍር ነበር። በእንጨት ጫፍ። ውሃው አንድ ቦታ ሲደርስ መሬቱ ይውጠዋል። ግራ ቀኙን በጭቃ ለሰነችው። አሁንም ጠፋ። ቁጢጥ ብላ ብዙ አየችው። ከዚያ ሰፋ ያለ ቅጠል ቀጥፋ ከሥሩ አነጠፈችና ውሃው በቅጠሉ ላይ ተንሸራቶ አለፈ። እኔ እጄ እስኪዝል እጽፋለሁ። ቀና ብላ አየችኝና «ቅጠሏን ጻፍሻት?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። እንጨቷን ጣል አድርጋ ወደ ቤት ገባች። ውሃው ገና እየወረደ ነው!

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግራ ገብቶኛል። ቤት የምናስተምር ወላጆች የልጆቻችንን የውጭ ጨዋታ እየተከታተልን መመዝገብ አለብን? ወይስ ለልጁ ትተንለት ዞር ማለት ነው ያለብን? ሳታባብሉኝ ንገሩኝ።

የሦስት ወንዶች አባት፦
ዝጊው ያንን ደብተር። ልጆቻችንን ከክፍል ያስወጣናቸው ለምን ነበር? ማርክና ሪፖርት ካርድ እግር በእግር እንዳይከተላቸው አይደል? አሁን ጭቃውን ልናርምላቸው ነው። እኛ አፈር ፈጭተን ጭቃ አቡክተን ስናድግ ማን ጻፈልን? ልጅሽ እኮ ነግራሻለች። ከተጻፈ ሥራ ነው። ሥራ ካለቀ ደግሞ ቤት ይገባል።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
ልጄ፣ ደብተሩን አትዝጊው። መዋዕለ ሕፃናት 22 ዓመት አስተምሬያለሁ። አንድ የአራት ዓመት ልጅ ነበረኝ፣ ክፍል ውስጥ ምንም የማይወጣለት። ውጭ ሲጫወት ግን በግራው በኩል የቆመ ልጅ ሲጠራው ወደ ቀኝ ዞሮ ነው የሚፈልገው። አንዴ ቢሆን አልፈው ነበር። ሦስት ቀን ጻፍኩት። ወላጆቹ ወስደው ሲያስመረምሩት ግራ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ። ያ ልጅ «ቀልቡ አይሰበሰብም» እየተባለ ስንት ጊዜ ተቆጥተነዋል! ልጅ ክፍል ውስጥ የሚደብቀውን ውጭ ያወጣዋል። የሚያይ ሰው ካለ ነው እንጂ።

ማሪያ ሞንቴሶሪም ሥራዋን የጀመረችው ከማየት ነው። ሐኪም ነበረች። በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ የሕፃናት ቤቷን ከፈተች። አንዲት ሦስት ዓመት ገደማ የሆነች ልጅ እንጨት እየነቀለች መልሳ በየቀዳዳው ስትሰካ አይታ ቆጠረች። ከ40 ጊዜ በላይ ደጋገመችው። መሃል ላይ ሌሎቹን ልጆች አዘፈነች፣ ልጅቷንም ከነወንበሯ አንስታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ግን ወይ ፍንክች! ስለዚህ መታየት ብቻውን ጨዋታ አያስቆምም።

የሦስት ወንዶች አባት፦
መምህርት፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያቺ ልጅ የሞንቴሶሪ ልጅ አልነበረችም። ልዩነቱ እሱ ነው። የሐኪሟ ዓይን ለልጅቷ ምኗም አይደለም። የእናት ዓይን ግን ሌላ ነው። ልጅ የእናቱን ፊት እያየ ነው ውሎውን የሚውለው።

መጽሐፍ አገላባጭ፦
እንደሱ ከሆነማ የሥነ ልቦና ተመራማሪውን ፒያዤን ምን ልትለው ነው? ስለ ሕፃናት አስተሳሰብ ከጻፈው ብዙው የራሱን ሦስት ልጆች ከሥር ከሥር እየተከታተለ የያዘው ነው። ዳርዊንም በ1839 የተወለደ የመጀመሪያ ልጁን እያየ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ያሳተመው ግን በ1877 ነው፣ ልጁ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ። ይቺ መዘግየት ደስ ትለኛለች። እኛ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ለመላው ዓለም እንለጥፋለን።

ማታ የምትሠራ፦
እናንተ መቀመጫ አላችሁ ማለት ነው። እኔ ሳህን እያጠብኩ በመስኮት ነው የማየው። ደብተሬ የእጄ አረፋ ነው። ልጄም አድጓል፣ ተመስገን።

ሕግ ነክ፦
ለመሳቅ ያህል ጥሩ ነው፣ ግን ጉዳዩ የምርጫ ብቻ አይደለም። ቤት ማስተማር ጨርሶ የማይፈቀድባቸው አገሮች አሉ፣ ጀርመን አንዷ ናት። አሜሪካ ውስጥ በሁሉም ግዛት ይፈቀዳል፣ ደንቡ ግን እንደየግዛቱ ነው። ፔንስልቬንያ የልጁን ሥራ ማህደር አደራጅታችሁ ለገምጋሚ አሳዩ ትላለች። ቴክሳስ እንዲህ ዓይነት ማህደር አትጠይቅም። የምትኖሪበት ቦታ ማስረጃ የሚጠይቅ ከሆነ «ልጄ ውጭ ስትጫወት ተማረች» ማለት ብቻ አያዋጣም። ቀን፣ የተሠራው ነገር፣ አንድ ሁለት መስመር ያስፈልጋል። በተለይ ፊት ለፊት «ልጅሽ ምንም አትማርም» የሚል ዘመድ ያለው ሰው።

የሦስት ወንዶች አባት፦
ዘመድን በደብተር አሳምኖ የሚያውቅ አለ?

ሕግ ነክ፦
የለም። ባለሥልጣንን ግን አለ።

የዓይን ነርስ፦
እኔ የምጨምረው፣ የምትጽፉት ካላችሁ ደቂቃውን ጻፉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ሰውነታቸውን ማንቀሳቀስ አለባቸው ይላል። ውጭ መዋሉ ለዓይንም ነው። ቻይና፣ ጓንግጆ ውስጥ ስድስት ዓመት ገደማ በሆናቸው ተማሪዎች ላይ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከፊሎቹ ትምህርት ቤቶች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ የውጭ ጊዜ ጨመሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ የሩቁን አጥርቶ ማየት የተሳናቸው ካልተጨመረላቸው ከ100 ልጆች 40 ገደማ፣ ከተጨመረላቸው 30 ገደማ ናቸው። በጭቃው ምን ሠራ የሚለው ለኔ ሁለተኛ ነገር ነው። ወጣ ወይ? ስንት ሰዓት ቆየ? በቃ።

የአንድያ ልጅ አባት፦
እኔ ደግሞ መመዝገቡ ሊያሳብደኝ ነበር። አንድ ቦታ የጨዋታ ደረጃዎችን ሰንጠረዥ አገኘሁ። ብቻውን የሚጫወት፣ ቆሞ የሚያይ፣ ጎን ለጎን የሚጫወት፣ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። መናፈሻ ስወስዳት ልጄን በየቀኑ እዚያ ላይ ምልክት አደርግላታለሁ። ብቻዋን። ብቻዋን። ቆማ የምታይ። ብቻዋን። ማታ እንቅልፍ አጣሁ። ቤት ስላስተማርኳት ነው እያልኩ ራሴን በላሁ።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
አይ ወንድሜ፣ ያ ሰንጠረዥ መሰላል አይደለም። ፓርተን የምትባል ተመራማሪ በ1932 ያሳተመችው ነው። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆችን ስታጠና አንዱን ልጅ በአንድ ጊዜ የምታየው ለአንድ ደቂቃ ነበር። አንድ ደቂቃ! ከዚያ ወደ ሌላው። ይህን በብዙ ቀን ደጋግማ ነው ነገሩን ያገኘችው። በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ደግሞ ትልልቆቹም ልጆች ብቻቸውን እንደሚጫወቱ፣ ያም የኋላ ቀርነት ምልክት እንዳልሆነ አሳይተዋል። ቆሞ የሚያየውም ሥራ ፈት አይደለም። የጨዋታውን ሕግ እየለቀመ ነው። ልጅዎ ምን እያየች እንደምትቆም ጽፈው ያውቃሉ?

የአንድያ ልጅ አባት፦
አልጻፍኩም። ምልክት ብቻ።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
እሱ ነው ጥፋቱ። ምልክት የሚያደርግ ሰው ማየት ያቆማል።

መጽሐፍ አገላባጭ፦
ወደ ቅጠሏ ልመለስ። በ1973 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ወሰዱ። ከፊሎቹ «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» ተባሉና ተሸለሙ። ቆይተው በነፃ ጊዜያቸው ሲታዩ፣ እነዚህ ሥዕሉ ላይ ያጠፉት ጊዜ ምንም ካልተባሉት ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ሳያስቡት የተሸለሙት ግን አልቀነሱም። የሚጎዳው ሽልማቱ ሳይሆን መጠበቁ ነው። የቦይ ቆፋሪዋ ልጅ መጻፉን እየጠበቀች ነው የምትቆፍረው ብዬ እፈራለሁ።

የዓይን ነርስ፦
ደብተር እኮ ሽልማት አይደለም።

መጽሐፍ አገላባጭ፦
ለኛ አይደለም። ለአምስት ዓመት ልጅ እናቷ ስምንት ወር ሙሉ አንገቷን ደፍታ የምትጽፈው ነገር ከከረሜላ ይበልጣል።

ስልክ ጠሊታ፦
ደብተሩስ ደህና። እኔ የሚያንገበግበኝ ቪዲዮው ነው። የኔ ልጅ ስልክ ከወጣ ጥርሱን ያሳያል፣ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። ደግሞ ቅሬታዬ ይኸው፦ የልጆች መብት ኮንቬንሽን፣ የ1989ኙ፣ አንቀጽ 31 መጫወት መብት ነው ይላል። ሁሉም ይጠቅሰዋል። አንቀጽ 16 የልጅ የግል ሕይወት ያለአግባብ እንዳይደፈር ይከለክላል። እሱን ማን ይጠቅሳል? አንዲት ልጅ እቃ እቃ ስትጫወት ለአሻንጉሊቷ የነገረቻትን ምስጢር ሺህ ሰው ሰማው።

የሦስት ወንዶች አባት፦
ይኸው! ሳንድሴተር የምትባል ኖርዌያዊት ተመራማሪ በ2007 እ.ኤ.አ. ልጆች የሚወዱትን ደፋር ጨዋታ ስድስት ቦታ ከፍላዋለች። ከፍታ፣ ፍጥነት፣ ስለት የመሰለ መሣሪያ፣ ውሃና እሳት የመሰለ አደገኛ ነገር አጠገብ መጫወት፣ ትግል፤ ስድስተኛው ከአዋቂ ዓይን መሰወር ነው። መሰወር ራሱ ጨዋታ ነው! ቀኑን ሙሉ በር ላይ የተቀመጠች እናት ያለችው ልጅ ይሄንን መቼ ትጫወታለች?

ጡረተኛዋ መምህርት፦
እርስዎስ ልጆችዎ ዛፍ ሲወጡ ምን ያደርጋሉ? በእውነት ይንገሩን።

የሦስት ወንዶች አባት፦
ኧረ እጅ ከፍንጅ ያዙኝ። እሺ። መካከለኛው ልጄ ባለፈው ዓመት ዛፍ ላይ ነበር። እኔ ቤት ውስጥ ነኝ፣ ነፃ አድርጌው እንደምወደው እየተኩራራሁ። ስወጣ ድንገት ላዩ ላይ አየሁትና «ውረድ!» ብዬ ጮህኩ። ደነገጠ፣ እግሩ ተንሸራተተ፣ ክንዱ ተላላጠ። ሌላ ቀን ሳልናገር ቆሜ አየሁት። ቅርንጫፍ ላይ ከመቆሙ በፊት በአንድ እግሩ ሁለቴ ሦስቴ ረገጥ ረገጥ ያደርገዋል። ከተወዛወዘ ይተወዋል። ለካ ያውቃል። እኔ ነበርኩ የማላውቀው።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
እና ይህን አልጻፉትም?

የሦስት ወንዶች አባት፦
አልጻፍኩትም። ግን ይኸው አልረሳሁትም። ደብተር የሚያስፈልገው ለሚረሳ ነው።

ማታ የምትሠራ፦
ሦስት ልጅ ያለው ሰው የማይረሳ ከሆነ እኔ ጠዋት አልነሳም። ባለፈው የትኛው ልጅህ እንደሆነ ተምታታብኝ ብለህ አልነበር?

ሕግ ነክ፦
😂

የቦይ ቆፋሪዋ እናት፦
ይቅርታ፣ አራት ቀን ጠፋሁ። እየሞከርኩ ነበር።

መጀመሪያ ቀን ደብተሩን ቤት ትቼ ልብስ እያጣጠፍኩ ተቀመጥኩ። «ደብተርሽ የት አለ?» አለች። «ዕረፍት ላይ ነው» አልኳት። ኩርፍ ብላ ብዙም አልተጫወተችም። እውነቱን ለመናገር ልቤ ተሰበረ። መጽሐፍ አገላባጭ እንዳለው ነበር።

ሁለተኛው ቀን ረሳችው መሰለኝ። ከቁጥቋጦው ጀርባ ገባችና ለግማሽ ሰዓት ያህል አልታየችኝም። ድምፅዋ ብቻ ይሰማል። ተነስቼ ልሄድ ስንት ጊዜ ቃጣኝ። የስድስተኛውን ጨዋታ ነገር አስቤ ተውኩት። ማታ ከተኛች በኋላ ሦስት መስመር ጻፍኩ። ደስ የሚለው ከስምንት ወሩ ደብተር ይልቅ እነዚያ ሦስት መስመሮች ጥያቄ አላቸው። ድሮ «ድንጋይ ደረደረች፣ 12» እያልኩ ነበር የምጽፈው። አሁን «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ብዬ ጻፍኩ። ግን ደግሞ አንዳንዱን ማታ ሳስበው ጠፍቶኛል፣ መምህርት እውነት አላቸው። ቦዩ የቱጋ እንደታጠፈ አሁን ልንገራችሁ ብል አልችልም።

ትናንት ግን ከቁጥቋጦው ወጥታ ራሷ ደብተሩን ከቤት አመጣችው። «ዛሬ ጻፊ። ይቺን ብቻ» አለችኝ። እየነገረችኝ ጻፍኩ፣ አራት ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ዘጋችውና ተመልሳ ገባች።

ሕግ ነክ፦
እሷን ገጽ ማህደሩ ውስጥ አስገቢያት! ከኔ ምክር ሁሉ የምትበልጥ ማስረጃ ናት።

የሦስት ወንዶች አባት፦
ምን አጻፈችሽ ግን?

የቦይ ቆፋሪዋ እናት፦
ለማንም አይነገርም ብላለች።