ቪትዝ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃ ይጎድላል፤ ሞተሩ ይውረድ ተብያለሁ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ ናት፤ ሻንሲዋ ኬኤስፒ90፣ ሺ ሲሲ፣ ባለ ሦስት ፒስተን። ደህና ስታገለግለኝ ቆይታ አሁን ሦስት ነገር ተደራረበብኝ። አንደኛ፣ ዲ (የመንጃው ማርሽ) ላይ ሆኜ ፍሬን ይዤ ስቆም መሪውም ወንበሩም ይንቀጠቀጣል፤ ኤን (ዜሮ ማርሽ) ሳደርገው ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ የራዲያተሩ ውሃ ትንሽ ትንሽ እያለ ይጎድላል፤ መሬት ላይ ግን የፈሰሰ ነገር አላይም። ሦስተኛ፣ ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ከፊት በቀኝ በኩል ቋ ቋ ይላል።

ያየው መካኒክ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ። የተጠየቅኩት ገንዘብ በጣም ከባድ ነው። ከማስወረዴ በፊት የማረጋግጥበት መንገድ አለ? ወይስ ሸጬ ልገላገል? ትንሽ የጃፓን መኪና ወጪ የለውም ተብዬ ነበር የገዛሁት።

የጋራዥ ሰው፦
ልጄ፣ ሞተሩን እንዳታስወርጂ። ውሃ ጎደለ ማለት ጓርኒሲዮን ተቃጠለ ማለት አይደለም። በዚህ ሞተር፣ በዋን ኬአር፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የውሃ ፖምፓው ነው። ፖምፓው ከውጭው ቺንጋ፣ ራሱን ከሚያሽከረክረው ቀበቶ፣ በኩል ነው ያለው። በቀኝ የፊት ጎማ በኩል በባትሪ መብራት አብርተሽ ከፑሌጃው (ቺንጋው ከሚዞርበት ክብ ብረት) ኋላና ከሥሩ ያለውን ብረት እዪ። የቶዮታ የራዲያተር ውሃ (ኩላንት) ሮዝ ወይም ቀይ ስለሆነ፣ ሲያፈስ እዚያው ሞተሩ ላይ ይደርቅና እንደ ጨው የተጋገረ ሮዝ ዱካ ይተዋል። መሬት ላይ ጠብታ የማታዪውም ለዚህ ነው፤ ሙቀቱ ሳይወርድ ያደርቀዋል። መኪናዋ ተራ ውሃ ተሞልታ ከሆነ ግን ዱካው ነጭ ወይም የዝገት ቀለም ነው የሚኖረው።

እዚያ ምንም ካልታየ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተሽ አስነሺው። (ሞተሩ ትኩስ ሆኖ ክዳኑን መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላል፤ በጭራሽ እንዳትሞክሪው።) ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከተንተከተከ ያን ጊዜ ጓርኒሲዮን እንጠረጥራለን። ለማረጋገጥ ደግሞ በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረግ ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፤ የተቃጠለ ጋዝ ከነካው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ይህን ያልመረመረ ሰው ሞተር ይውረድ ሊል አይገባም። ሌላው በእጅ ፓምፕ ሲስተሙን ግፊት መሙላት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ግፊቱ ከወረደ የሚያፈስበት ቦታ ራሱን ያሳያል።

በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ነጭ ቅባት ብታገኚም አትደንግጪ። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ አጭር አጭር መንገድ የሚነዳ መኪና ላይ ከእርጥበት ብቻ ሊመጣ ይችላል። በዲፕስቲኩ (በዘይት መለኪያው ዘንግ) የሚወጣው ዘይት ራሱ ወተት ከመሰለ ግን አታስነሺው።

ባለ ቪትዝ፦
እህቴ፣ እኔም ይቺኑ መኪና ነው የምነዳው። ባለ ሦስት ፒስተን ሞተር በተፈጥሮው ከባለ አራቱ ይልቅ ይንቀጠቀጣል፤ ትንሿን ንቅጥቃጤ ተያት። ዲ ላይ ብሶ ኤን ላይ መቀነሱ ግን ወደ ሞተር ሱፖርቶ (ሞተሩን ይዞ ንቅጥቃጤውን የሚውጠው ባለ ጎማ መያዣ) ይጠቁማል። ኮፈኑ ተከፍቶ አንድ ሰው ፍሬኑን ጥብቅ አድርጎ ይዞ ከዲ ወደ አር (ኋላ ማርሽ)፣ ከአር ወደ ዲ ይቀያይር፤ አንቺ ከጎን ቆመሽ እዪ፣ ከፊት እንዳትቆሚ። ሞተሩ ተነሥቶ የሚወድቅ ከሆነ የሱፖርቶው ጎማ ተቀዷል። በታይሚንግ ካቴናው (በሞተሩ ውስጥ ባለው ሰንሰለት) በኩል ያለውን ሱፖርቶ በተለይ አሳዪ።

ቼክ ኢንጅን (የሞተር ብልሽት መብራት) በርቶ ከሆነ ኮዱን አስነብቢ። ፒ0301 ከመጣ ቁጥር አንድ ፒስተን እየተኮሰ አይደለም ማለት ነው። ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ከመግዛትሽ በፊት የቁጥር አንዱን ኮይል ከቁጥር ሁለቱ ጋር ቀያይሪ፣ ኮዱን አጥፍተሽ ንጂ። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከዞረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፤ እዚያው ከቀረ ካንዴላውን፣ ቀጥሎ ኢንጀክተሩን (ነዳጅ የሚረጨውን) እዪ። ይህቺ ሙከራ ከመፍቻ በቀር ምንም አታስወጣም፤ ብዙ ሰው ግን ሦስቱንም ኮይል በግምት ይገዛል።

ኮድ ከሌለና ሚኒሞው (ቆሞ ሲነሣ ያለው የሞተር ዙር) ብቻ ከወረደ የአየር ማስገቢያውን አፍ፣ ትሮትሉን፣ አሳጥቢ። ከታጠበ በኋላ ሚኒሞው ለጊዜው ከፍ ቢል አትጨነቂ፤ ኮምፒውተሩ መልሶ እስኪለምድ ነው።

የእግር ሥራ፦
ስለ ቋ ቋው ባጭሩ። በትንንሽ ጉድጓድ በቀስታ ሲነዳ የሚያንኳኳ ከሆነ ከስታቢላይዘር ሊንኩ (መኪናዋ በጎን እንዳታዘነብል የሚይዘውን ብረት ከእግሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ጀምሩ፤ ርካሹም ቶሎ የሚያልቀውም እሱ ነው። ከዚያ የታችኛው አርም (የጎማው መያዣ ክንድ) ጎሚኒና ቦል ጆይንት (ኳስ መሰል መገጣጠሚያው)፣ በመጨረሻ አሞርዛተር (ንዝረት የሚውጠው)። አሞርዛተር ካልቀረ በሁለቱም ጎን አብሮ ይቀየር። ድምፁ እንደ ዝንብ «ዝዝዝ» እያለ መኪናዋ ስትፈጥን አብሮ የሚጨምር ቢሆን ግን ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ቤሪንግ) ነው እንል ነበር።

ሒሳብ ያዥ፦
ስለ ወጪው። እኔ መሸጥ አልመክርሽም፣ ቢያንስ ምርመራው ሳያልቅ። ውሃ የሚጎድል መኪና ገበያ ላይ ዋጋ የለውም፤ ኪሳራውን አንቺ ተሸክመሽ ጥገናውን የሚያተርፈው ገዢው ነው።

«ወጪ የለውም» የተባልሽው ልክ አይደለም። ሳታስቢው የሚመጣው ወጪ አነስተኛ ነው ቢባል ይሻላል። የዚህ ሞተር ታይሚንግ ካቴና ነው እንጂ ቺንጋ አይደለም፤ ስለዚህ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የሚጠብቅሽ ትልቅ ቅያሬ የለም። ካቴናውን የሚገድለው ያረጀ ዘይት ነው። ሞተሩ ደግሞ ከነፊልትሮው (የዘይት ማጣሪያው) ሦስት ሊትር ገደማ ዘይት ብቻ ነው የሚይዘው፤ ዘይቱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ሲጎድልም ሞተሩን ቶሎ ይጎዳል። መኪናሽ ሲቪቲ ካምቢዮ (ማርሽ ሳይቆጥር በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ ካምቢዮ) ካለው ትልቁ አደጋሽ እዚያ ነው። መመሪያው የሚለውን የሲቪቲ ዘይት ብቻ አስሞዪ፤ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ካምቢዮውን ያበላሻል፣ የካምቢዮ ወጪ ደግሞ ከሞተር ጥገና ሊበልጥ ይችላል።

ነዳጁን በግምት አትያዢው። ታንኩን እስከ አፉ ሙዪ፣ ንጂ፣ እንደገና እስከ አፉ ሙዪ። 400 ኪሎ ሜትር ሄደሽ 26 ሊትር ከገባ 100 ኪሎ ሜትር በ6.5 ሊትር ነው። ይህን ቁጥር ደብተር ላይ ያዢው፤ ድንገት ከጨመረ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ አየሩ የጎደለ ጎማ፣ የሚይዝ ፍሬን፣ ያረጀ ካንዴላ፣ የማይዘጋ ቴርሞስታት (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠር የውሃ በር)።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ታካታ የተባለው ኩባንያ በሠራው ጉድለት ያለበት ኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋው ከረጢት) ጉዳይ በዓለም ዙሪያ ለጥገና ከተጠሩት መኪኖች መካከል ያሪስና ቪትዝ ይገኙበታል። የሻንሲ ቁጥርሽን የቶዮታ ወኪል ዘንድ አስፈትሺ፤ ጥሪው የሚመለከታት ከሆነ ቅያሬው ነፃ ነው። ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉት ከጎማው በኩል አብርቼ አየሁ፤ ከፑሌጃው ሥር የተጋገረ ሮዝ ነገር አለ። ሌላ ጋራዥ ግፊት ሞልተው ሲያዩት ከፖምፓው እያንጠባጠበ ነው። በሰማያዊው ፈሳሽም ተሞከረ፣ ቀለሙ አልተለወጠም። ሱፖርቶውም ተቀዷል። ፖምፓው ሲቀየር ምን አብሬ ላስቀይር?

የጋራዥ ሰው፦
ጎበዝ። ፖምፓው ከነጓርኒሲዮኑ ይቀየር፤ ቺንጋው ተሰንጥቆ ወይም ውሃ ነክቶት ከሆነ እሱም አብሮ፣ ያለዚያ ይቆይ። የራዲያተሩን ክዳን ጎማም እዪ፤ ከደረቀ ግፊት አይይዝም። ተራ ውሃ አትሙዪበት፣ መመሪያው የሚለውን የቶዮታ ኩላንት ወይም እኩያውን ይሁን። ከሞሉት በኋላ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ ክዳኑን ሳይዘጉ፣ ፋኑ እስኪነሣ ያስነሡት፤ አየር ውስጥ ከቀረ ሞተሩ ይሞቅና ጥፋቱን በፖምፓው ታሳብቢያለሽ። በማግስቱ ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ ውሃውን ደግመሽ ለኪ። እነዚህ መኪኖች አብዛኛዎቹ የሙቀት ጌጅ የላቸውም፤ ሰማያዊ መብራት ሲቀዘቅዝ፣ ቀይ ሲግል ብቻ ነው የሚበራው። ቀዩ ከበራ ዳር ይዘሽ ወዲያው አጥፊ፣ «እስከ ቤት ያደርሰኛል» ብለሽ አትንጂ።