«ሃዝ ጎን» እና «ሃዝ ቢን»፦ ሁለቱም «ሄዳለች» ናቸው?

ጥያቄ፦
የእንግሊዝኛዎቹ «ሺ ሃዝ ጎን ቱ ለንደን» እና «ሺ ሃዝ ቢን ቱ ለንደን» በአማርኛ ሁለቱም «ለንደን ሄዳለች» አይደሉም? መልመጃ ላይ ግን አንዱ ልክ ሲሆን ሌላው ስህተት ይባላል። ደግሞስ «ቢን» የ«ቢ» («መሆን») ፓስት ፓርቲሲፕል፣ ማለትም ከ«ሃዝ» ጋር የሚገባው የግሡ ቅርጽ ነው፤ መሄድ ውስጥ ማን ዶለው?

መልስ 1፦
ዋናው ነገር ሴትዮዋ አሁን የት ናት የሚለው ነው። «ጎን» ከተባለ አልተመለሰችም፤ ወይ እዚያው ናት ወይ መንገድ ላይ። «ቢን» ከተባለ ሄዳ ተመልሳለች። ስለዚህ የ«ሃዝ ቢን ቱ» አቻ «ሄዳ ታውቃለች» ነው፤ ቅርብ ጊዜ ከሆነ ደግሞ «ደርሳ መጥታለች»። «ሺ ሃዝ ቢን ቱ ዘ ባንክ» ማለት ባንክ ደርሳ መጥታለች ነው።

«ቢን» የ«ቢ» መሆኑ እውነት ነው፤ ደርሶ መመለስን ለመግለጽ ግን እሱ ይገባል። ፖስተኛው መጥቶ ከሄደ እንግሊዞች «ዘ ፖስትማን ሃዝ ቢን» ይላሉ።

ፊት ለፊት እያወሩ «አይ ሃቭ ጎን ቱ ዘ ባንክ» ማለት ያስቃል፤ «እኔ እዚህ የለሁም» እንደማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ ተትቶ በሚኬድ ማስታወሻ ግን ልክ ነው፤ ወረቀቱ ሲነበብ ጸሐፊው የለማ።

መልስ 2፦
ከላይ ባለው ላይ አንድ ማረሚያ፦ «ቢን» ሁሌ መመለስን አያሳይም። «ሺ ሃዝ ቢን ኢን ለንደን ፎር ስሪ ዊክስ» ማለት ለንደን ከገባች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ገና እዚያው ናት። የሚለያቸው «ቱ» እና «ኢን» ናቸው። «ሺ ሃዝ ጎን ቱ ለንደን ፎር ስሪ ዊክስ» ከተባለ ደግሞ ሦስት ሳምንት ልትቆይ ሄዳለች፤ ምናልባት የወጣችው ዛሬ ጠዋት ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ሌላ ቦታ ነው። አማርኛ «ትናንት ሄዳለች» ያስብላል፤ እንግሊዝኛ ግን «የስተርዴይ»ን ከ«ሃዝ ጎን» ጋር አያስገባም። ያለፈና የተዘጋ ጊዜ ከተጠራ («ላስት ዊክ»፣ «ኢን 2019»፣ «ቱ ዴይስ አጎ») ግሡ «ዌንት» ይሆናል። «ቱዴይ» እና «ዚስ ዊክ» ገና ስላላለቁ ችግር የለባቸውም።

መልስ 3፦
«ሺዝ ጎን» ብቻውን ሲመጣ «ሺ ኢዝ ጎን»ም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ትርጉሙ በቃ «የለችም» ነው። አሜሪካኖች «ሃቭ ዩ ኤቨር ጎን ቱ…?» ሲሉም ይሰማል፤ ፈተና ላይ ግን «ቢን» ይሻላል። «ሆም» ፊት ደግሞ «ቱ» አይገባም፦ «ሺ ሃዝ ጎን ሆም»።