ጥያቄ፦ ከአንገት በላይ የሆነ የድጋፍ ንግግር እንዴት ይጻፋል?

በር አንኳኪው፦

ሰላም ወገኖች። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

እኔና ጥቂት ጓደኞቼ በወር አንዴ እየተገናኘን የጻፍነውን እናነባለን። የዚህ ወር ሥራ «የምናብ ንግግር» ነው። ሰባት ደቂቃ፣ በአማርኛ። እኔ የአሜሪካን የፓርቲ ጉባኤ መረጥኩ። ተናጋሪው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ነው። ሚስቱ ለእጩነት ተወዳድራ በአንድ ወጣት ሴናተር ተሸንፋለች። ዛሬ ማታ ደግሞ መድረክ ላይ ወጥቶ «ይህን ሰው ምረጡ» ማለት አለበት። በጽሑፌ ውስጥ ስም የለም። ማን እንደሆነ ግን ገብቷችኋል፤ ቢል ክሊንተን ነው። ዴንቨር፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 2008።

ለምን ይሄን መረጥክ ካላችሁኝ፣ ቂም ስላለብኝ ነው። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ለሚስቱ ለሂላሪ በር ሳንኳኳ ነበር። በራሪ ወረቀቷን በር እጀታ ላይ ለማንጠልጠል ጓንቴን ባወለቅኩ ቁጥር ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። አንድ አዛውንት «ግባና ሙቅ» ብለው ሻይ ሰጡኝ። ግማሹን ከጠጣሁ በኋላ የኦባማ ደጋፊ መሆናቸውን ነገሩኝ። ምን ላድርግ፣ ጨርሼው ወጣሁ። ማርች 4 ኦሃዮን አሸነፍን። ጁን 7 ግን ሂላሪ ዋሽንግተን ላይ ከውድድሩ መውጣቷን ተናገረች። እኔ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ መኪና ሳጥብ ዋልኩ።

ስለዚህ ኦገስት ላይ ባሏ መድረክ ሲወጣ ቢያንስ አንዲት መርፌ ጠብቄ ነበር። ሰውየው እኮ ጥር ላይ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ፣ ኦባማ ስለ ኢራቅ ጦርነት ያለውን አቋም የሚተርኩበትን መንገድ «ተረት ተረት ነው» ያለ ሰው ነው። ሳውዝ ካሮላይና ላይ ኦባማ 55 ለ27 ሲያሸንፍ ደግሞ «ጄሲ ጃክሰንም በ84 እና በ88 እዚህ አሸንፎ ነበር» ብሎ (እጩ ሳይሆን ከቀረው ጥቁር ተወዳዳሪ ጋር አስተካክሎ) ያቃለለ ሰው ነው። ያ አፍ ዴንቨር ላይ ጨዋ ሆኖ አረፈው። ያኔ ያልወጋትን መርፌ አሁን እኔ ልወጋለት ነው።

ከጽሑፌ ትንሽ ላስነብባችሁ፦

«ወገኖቼ! ባለቤቴ ትናንት እዚሁ ቆማ ደግፉት ብላችኋለች። እኔም ባለቤቴን እሰማለሁ። 32 ዓመት ሙሉ ስሰማ ኖሬያለሁ። ይህ ልጅ ልምድ የለውም የሚሉ አሉ። እኔ ግን አልልም። እኔ ያልኩት ድሮ ነው። ይህ ወጣት ይመራል! ቀምሼዋለሁ፣ ይመራል!»

ለባለቤቴ (ለእኔዋ) ሳነብላት «ይሄ ድጋፍ ነው ክስ?» አለችኝ። አልሳቀችም። ምኑ ላይ ነው የተበላሸው?

ነጭ ጠመኔ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ «ይመራል» ላይ ባርኔጣዬን አንስቻለሁ። «ራ» ስትላላ መሪ ነው፣ ስትጠብቅ ኮሶ ነው። ጥሩ ኅብረ ቃል ነው።

ችግሩ ግን ይሄ ነው። ወረቀት ላይ ማጥበቅና ማላላት አይታይም፤ ስለዚህ ሰሙም ወርቁም አብረው ይቀመጣሉ። አንተ ግን የምታነበው ቆመህ ነው። አፍህን ስትከፍት ወይ ታጠብቀዋለህ ወይ ታላላዋለህ። ሁለቱንም ባንዴ ማለት አይቻልም። ካጠበቅከው ሰውየው እጩውን ሰደበ። ካላላኸው ቅኔው ቀረ። ይሄን ስለፈራህ መሰለኝ «ቀምሼዋለሁ» የምትለዋን የጨመርካት። እሷ ናት ያጋለጠችህ። ሰምና ወርቅ ሠርተህ ወርቁ ላይ ቀስት አድርገህ እንደ መጠቆም ነው። አውጣት።

ሌላው ደግሞ፣ በሰባት ደቂቃ ውስጥ ሰውየው ስንት ጊዜ ነው ስለ ራሱ የሚያወራው? እኔ ባስነበብከን ቁራጭ ላይ ብቻ «እኔ» የምትለዋን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ባለጉዳዩ ግን ስም እንኳ የለውም፤ «ይህ ልጅ» ነው፣ «ይህ ወጣት» ነው።

ዝም በል፦

አሥራ ምናምን ዓመት ያለፈው ምርጫ። ወንድም፣ ሻዩን ጠጥተሃል አይደል? በቃ።

የማታ ሺፍት፦

ጠመኔ ስለ ስም ያነሳችው ነገር ላይ ልጨምር። (ጠመኔ ሴት ናት ብዬ ነው፤ ካልሆንክ ይቅርታ።)

2016 ክሊቭላንድ ላይ፣ በሪፐብሊካኖች ጉባኤ፣ በትራምፕ የተሸነፈው ቴድ ክሩዝ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? ገና ሲጀምር ትራምፕን በስሙ ጠርቶ እንኳን ደስ አለህ አለ። ከዚያ በኋላ አዳራሹ «ደግፌዋለሁ» የምትለዋን ቃል መጠበቅ ጀመረ። እሱ «እንደ ሕሊናችሁ ምረጡ» ብሎ አረፈው። ወርቅ አለው ብሎ ነው መቼም። አዳራሹ ግን ወርቁን ወዲያው አገኘውና ጮኸበት። በጩኸት ነው የወረደው። ሁለት ወር ቆይቶ ሴፕቴምበር ላይ ደግፌዋለሁ አለ፤ ያኔ ማን ሰማው? የአንተም ሰውዬ እንዲህ ነው የሚሆንብህ። ጉባኤ ላይ ያለ ሰው የሚጠብቀው አንድ ቃል ነው። ያቺን ቃል ካዘገየህ የቀረው ንግግር በሙሉ አይሰማም።

የእኔ ምርጫ ጄራልድ ፎርድ ነው። 1976 ካንሳስ ሲቲ ላይ፣ በሪፐብሊካኖች ጉባኤ፣ ሬገን በሥልጣን ላይ ያለውን ፕሬዚዳንት ፎርድን ሊነቅል ሞከረ። ፎርድ 1,187 ለ1,070 አሸነፈ፤ ለጥቂት ማለት ነው። ያን ያህል ደም የፈሰሰው ፓርቲ ይዞ ኖቬምበር ላይ በካርተር ተሸነፈ። ሬገንን ያልወቀሰው እንዳይመስላችሁ። ከአራት ዓመት በኋላ ዲትሮይት ላይ እጩው ሬገን፣ ደጋፊው ተናጋሪ ፎርድ። ቀኑ ደግሞ የፎርድ 67ኛ ልደት።

ምን አለ መሰላችሁ? ሽማግሌ ፖለቲከኛ ከዳር ቁጭ ብሎ በጥበብ ፈገግ ይላል ይባላል፣ እኔ ግን መቀመጥ ብዙም አይሆንልኝ፣ ባለቤቴ ቤቲ ትነግራችኋለች አለ። ከዚያ ይህ ጉባኤ ለሬገን ቡድን ሲያሰልፍ እኔንም ቁጠሩኝ አለ። ቀልዱ በራሱ ላይ ነው። ስሙ በግልጽ ተጠርቷል። መርፌ የለም። ከሁለት ቀን በኋላ ራሱ ፎርድ የሬገን ምክትል ይሁን የሚል ወሬ አዳራሹን አጥለቀለቀው። እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ ሲወራ አምሽቶ ከሸፈና ቡሽ ተመረጠ። ሰው የተጣላውን ሰው ደግፎ ሲናገር አዳራሹ አብረው ይሥሩ እስኪል ድረስ ማመኑን እዩልኝ።

ኮፊዬ ቀዘቀዘ። ልሂድ።

ማይል ሃይ፦

ልጄ፣ እኔ የዚያን ሳምንት ዴንቨር ታክሲ እነዳ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጉባኤው በሚካሄድበት በፔፕሲ ሴንተር ዙሪያ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ሰው የምናወርደው ራቅ አድርገን ነው፤ የቀረውን በእግሩ ነው የሚሄደው። ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረጉ ሴቶች ሁሉ ይረግሙን ነበር፣ እኛ የዘጋነው ይመስል።

ረቡዕ ከሰዓት አንዲት ሴትዮ ጫንኩ። ተወካይ ናት፣ አንገቷ ላይ ወረቀቱን አንጠልጥላለች። ደረቷ ላይ የሂላሪ ባጆች ተደርድረዋል፤ እንደ ጀኔራል ሜዳይ። የዚያን ቀን ነው በየስቴቱ እየተጠራ ሲቆጠር ቆይቶ ኒው ዮርክ ላይ ሲደርስ ሂላሪ ራሷ ተነሥታ ቆጠራው ይቁም፣ ኦባማ በጭብጨባ ይጽደቅ ያለችው። ሴትዮዋ ከዚያ ነው የወጣችው። መንገድ ላይ ዜግነት አለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ዘንድሮ ነው ያገኘሁት፣ የመጀመሪያ ድምፄ ነው አልኳት። «እንግዲያው እንዳታባክነው» አለች። ለማን ብዬ ጠበቅኩ። ስሙን አልጠራችም። ሒሳቡ 14 ዶላር ነበር፣ 20 ወርውራልኝ ወረደች።

ማታ ላይ የክሊንተንን ንግግር መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ በሬዲዮ ሰማሁ። ሲጀምር ጭብጨባው አላስጀምረው ብሎ ስንት ደቂቃ ለመናቸው መሰለህ። እኔ የምጠብቀው ሴትዮዋ ያልጠራችውን ስም ነበር። ገና በመግቢያው ኦባማን ለመደገፍ ነው የመጣሁት አለ። ከዚያ ሂላሪ የተቻላትን አደርጋለሁ ብላለች፣ ከእኔ ጋር ሁለት ሆንን አለ። ቀጥሎ ደግሞ እንዲያውም 18 ሚሊዮን ነን አለ። ያ ቁጥር የሂላሪ ድምፅ ነው፤ ጁን ላይ ስትሰናበት የጠራችው። ያችን ሴትዮ በቁጥር ጠራት ማለት ነው። እኔ ያኔ ነው ይሄ ሰውዬ ሥራውን ያውቃል ያልኩት።

አሁን ወደ አንተ መርፌ ልምጣ። ሰውየው መርፌውን ወግቶ ነበር፣ አንተ ቀኑን ነው የሳትከው። ጉባኤው ሳይደርስ በዚያው ወር መጀመሪያ ቴሌቪዥን ላይ ኦባማ ለፕሬዚዳንትነት ዝግጁ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ለዚያ ሥራ ዝግጁ የሆነ ሰው ኖሮ አያውቅም ማለት ይቻላል ብሎ መለሰ። ይኸውልህ ሰምና ወርቅ። አገር ሁሉ ሲያወራበት ከረመ። ስለዚህ ዴንቨር ላይ «ባራክ ኦባማ ፕሬዚዳንት ለመሆን ዝግጁ ነው» ሲል፣ ተራ ውዳሴ አልነበረም። የራሱን አፍ እያረመ ነበር።

ዋናው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የሚስቱ ሰዎች ኦባማን ሲደበድቡበት የከረሙት ድንጋይ «ልምድ የለውም» የሚል ነበር። ሰውየው ያንን ድንጋይ አነሣና ራሱ ላይ አስቀመጠው። በ1992 እኔንም ልጅ ነው፣ ልምድ የለውም አሉኝ፣ አልሠራላቸውም አለ። አየህ፣ ድጋፍ ከራስ ኪስ አውጥቶ መክፈል ነው። ያንተ ሰውዬ ከኪሱ ምንም አላወጣም።

አንድ ነገር ልስጥህ። ክሊንተን ቃለ መሐላ ሲፈጽም 46 ዓመቱ ነበር። በዚያች የዴንቨር ማታ ኦባማ 47 ነው። አንተ ግን ጽሑፍህ ውስጥ «ይህ ልጅ» ትላለህ።

እና ሰባት ደቂቃህን አክብር። ይኸው ሰውዬ በ1988 አትላንታ ላይ የያኔውን እጩ ዱካኪስን ሲያስተዋውቅ ከ30 ደቂቃ በላይ ቆየና «በመጨረሻም» ሲል ነው ከልቡ የተጨበጨበለት።

በር አንኳኪው፦

ጋሼ ማይል ሃይ፣ እግዜር ይስጥልኝ። 46 እና 47 ያሉኝን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። 16 ዓመት ሙሉ «ያ ልጅ» ስል የኖርኩት ሰው የእኔ ሰውዬ ሥልጣን ሲይዝ ከነበረው ዕድሜ በአንድ ዓመት ይበልጣል። ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

ጠመኔ፣ «ቀምሼዋለሁ» ወጥታለች። አልቅሼ ነው ያወጣኋት። ዝም በል፣ ሻዩ ጥሩ ነበር፣ ቀረፋ ነበረው።

አዲሱ እንዲህ ሆኗል፦

«ስሙን ልጥራና ልገላገል፣ እናንተም ተገላገሉ» ይልና ስሙን ይጠራል። (መድረኩ ላይ ባዶ ቦታ ትቼ ዝም አልኩ፤ ስም አልጻፍኩም ብያለሁ።) «ባለፈው ጥር ልጅ ነው ብያችሁ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጢሜን ስላጭ አሰብኩት። እኔ ዋይት ሀውስ ስገባ 46 ዓመቴ ነበር። እሱ 47 ነው። ልጁ ማን እንደነበር ያኔ የነገሩኝ ሰዎች ነበሩ፤ ስልካቸውን አጥፍቼዋለሁ። ባለቤቴ አንድ ድምፅ ሰጥታዋለች። እኔ ሁለተኛ ነኝ። በር እያንኳኳ ጣቱ የደነዘዘ አንድ ሰው ደግሞ አለ፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ መኪና ያጥባል። እሱንም ጥሩልኝ።»

የማታ ሺፍት፣ ቀልዱ ወደ ራስ ዞረ፤ ፎርድን ሰምቻለሁ።

ቅዳሜ አነበብኩት። ስድስት ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ባለቤቴ ኋላ ወንበር ላይ ነበረች። «ይመራል» አልተነቀለችም፤ የመጨረሻዋ ቃል አድርጌ ተውኳት። ቃል በቃል አላልቼ ነው ያልኳት፣ እምላለሁ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ብቻ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። እሳቸው ምን እንደሰሙ አልጠየቅኳቸውም።