ሊኑክስ ላይ ዋይፋይ ተንቀራፈፈብኝ፣ ዊንዶውስ ላይ ደህና ነው (አስቸኳይ፣ ጅማ)

ሂርማታ ፕሪንት፦
ሰላም ለሁላችሁ። መመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትሙ ተማሪዎች በር ላይ ተሰልፈዋል፣ ፋይል ማውረድ ግን አልቻልኩም። ላፕቶፑ ላይ ሁለቱም ሲስተም አለ። በዊንዶውስ ስከፍተው 43 ሜጋ ይመጣል፣ በኡቡንቱ (ሊኑክሱ) 16 አያልፍም። ስልኬም እዚያው ጠረጴዛ ላይ 44 ያሳያል። ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ራውተሩንም ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አብርቻለሁ። የሊኑክስ ዋይፋይ እንዲህ ነው እንዴ? የማተሚያው ሶፍትዌር ሁሉ እሱ ላይ ስለሆነ ትቼው ልወጣ አልችልም። እባካችሁ ቶሎ!

አዌቱ ዳር፦
አብሽሪ እህቴ። ዋናውን ነገር አልነገርሽንም። የዋይፋይ ካርዱ ምንድን ነው? ኡቡንቱ ስንት? የምትከፍዪበት መስመር ስንት ሜጋ ነው?

ቡና ተራ፦
ካርዱ ኢንቴል ከሆነ መፍትሔው የታወቀ ነው። ሞድፕሮብ በሚባለው የድራይቨር ማስተካከያ ማኅደር ውስጥ ለአይደብሊውኤልዋይፋይ (የኢንቴል ዋይፋይ) ድራይቨር «11ኤን ዲሴብል» የሚለውን 8 አድርጊና ሪስታርት። ፓወር ሴቭንም (የካርዱን ኃይል ቁጠባ) አጥፊው። እስከዚያ ለተማሪዎቹ ጀበና ጣጂላቸው፣ የጅማ ልጅ ቡና ካለ ሰልፍ አይከብደውም።

ሂርማታ ፕሪንት፦
ኢንቴል ነው፣ ኡቡንቱ 22.04፣ መስመሩ 50 ሜጋ። ፓወር ሴቭ አጠፋሁ፣ ያው 16 ነው።

ጅሬን ተራራ፦
«ሊኑክስ እንዲህ ነው እንዴ» ያልሽው ላይ አልስማማም። ያው ካርድ፣ ያው ራውተር፣ ያው ጠረጴዛ ከሆነ ልዩነቱ የሚመጣው ካርዱና ራውተሩ በምን ተስማምተው እንደተገናኙ ነው። ተርሚናል ክፈቺና በአይደብሊው ትእዛዝ የካርዱን ሊንክ (ግንኙነት) እዪ። «ቲኤክስ ቢትሬት» (የመላኪያ ፍጥነት) የሚለው መስመር ላይ ምን ተጽፏል? ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውንም ገልብጪልን።

ሂርማታ ፕሪንት፦
54.0 ሜጋቢት ይላል። ቀጥሎ ምንም የለም። 54 ካለ 50 ሜጋዬ መድረስ አልነበረበትም?

ጅሬን ተራራ፦
አይደርስም። 54 በአየር ላይ ያለው ፍጥነት ነው። ግማሽ ያህሉ ለተራ መጠበቂያና ለየፓኬቱ ማረጋገጫ ይሄዳል፤ እጅሽ የሚገባው ቢበዛ ከ20 እስከ 25 ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኤምሲኤስ» የሚል አለመኖሩ ደግሞ የሚናገረው አለ፦ ግንኙነቱ ኤን (802.11n) በሚባለው ፈጣን የዋይፋይ ደረጃ ሳይሆን በድሮው ጂ (802.11g) ነው። መስመርሽ 10 ሜጋ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይታይሽም ነበር፣ 54ም ይበቃ ነበር። አሁን ከዲሜሴጅ (የሲስተሙ መልእክት መዝገብ) ውስጥ ቲኬአይፒ (የድሮ የዋይፋይ ምስጠራ) የሚል ቃል ፈልጊ።

ቡና ተራ፦
11ኤን ዲሴብልን 8 አድርጊው አልኩኮ። ለብዙ ሰው ሠርቷል።

ሂርማታ ፕሪንት፦
አገኘሁ። «በደብሊውኢፒ ወይም ቲኬአይፒ አጠቃቀም ምክንያት ኤችቲ እና ቪኤችቲ ተዘግቷል» የሚል ትርጉም ያለው መስመር በእንግሊዝኛ አለ።

ኪቶ ሰፈር፦
ይኸው በሽታው። ኤችቲ ማለት የኤን ፍጥነት ነው፣ ቪኤችቲ ደግሞ ከኤን በኋላ የመጣው የኤሲ። ለሌላውም አንባቢ እንዲጠቅም ከሥሩ ላስረዳ። የመጀመሪያው የዋይፋይ ምስጠራ ደብሊውኢፒ መሰበሩ ሲታወቅ፣ በ2003 ደብሊውፒኤ ከቲኬአይፒ ጋር መጣ። አሮጌዎቹ ካርዶች ሳይጣሉ በሶፍትዌር እንዲጠገኑ ታስቦ የተሠራ መሸጋገሪያ ነው፣ ውስጡ ያው የድሮው አርሲ4 የሚባል የምስጠራ ስልት ነው። በ2004 ደብሊውፒኤ2 ኤኢኤስ ከተባለው ጠንካራ ምስጠራ ጋር መጣ፤ ሊኑክስ ላይ ሲሲኤምፒ ተብሎ የሚታየው እሱ ነው። በ2008 የቲኬአይፒ ድክመት በተግባር ታየ። በ2009 ኤን ሲጸድቅ ደረጃው ቲኬአይፒንና ደብሊውኢፒን ከኤን ፍጥነት ጋር ማጣመርን ከለከለ። ስለዚህ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሕጉን እያከበረ ነው፤ በቲኬአይፒ ከገባሽ ኤንን ይዘጋና ወደ 54 ያወርድሻል። ቡና ተራ ወንድሜ፣ 8 ማለት ፓኬቶችን አሰባስቦ መላክን ማብራት ነው። ማሰባሰብ የሚሠራው በኤን ላይ ነው፤ ኤን ከተዘጋ የሚሰበሰብ የለም። በስህተት 8ን 1 ብላ ብትጽፈው ደግሞ ኤንን ራሱን ያጠፋዋል፣ ያኔ ሌላ 54 ነው።

አዌቱ ዳር፦
ራውተሩ ላይ የተመረጠው ምንድን ነው? ስልክሽና ዊንዶውስ ፈጣን ስለሆኑ ቅይጥ ይመስለኛል።

ሂርማታ ፕሪንት፦
ደብሊውፒኤ/ደብሊውፒኤ2 ቅይጥ፣ ቲኬአይፒ+ኤኢኤስ። መቀየር አልችልም፣ አሮጌዋ ፕሪንተር በሌላው አትገባም። ላፕቶፑን ያስተካከለልኝ ልጅ የዋይፋይ ፋይሉን ከድሮው ኮምፒውተር ገልብጦ ነው ያስገባው፣ ምናልባት እሱ ይሆን?

ጅሬን ተራራ፦
እሱ ነው። ራውተሩን አትንኪ። በኤንኤምሲኤልአይ ትእዛዝ የግንኙነቱን ዝርዝር አውጪ፣ «ፕሮቶ» ደብሊውፒኤ፣ «ፔርዋይዝ» ቲኬአይፒ ተብሎ ታገኚዋለሽ። ፕሮቶን አርኤስኤን (ደብሊውፒኤ2 ማለት ነው)፣ ፔርዋይዝን ሲሲኤምፒ አድርጊ፣ ከዚያ ግንኙነቱን እንደገና አስነሺ።

ፈረንጅ አራዳ ቴክ፦
«ግሩፕ»ንም ሲሲኤምፒ አድርጊው፣ ሁሉም አንድ ይሁን።

ሂርማታ ፕሪንት፦
ሦስቱንም ቀየርኩ፣ ጭራሽ እምቢ አለ! የይለፍ ቃል ደጋግሞ ይጠይቀኛል፣ ቃሉ ትክክል ነው!

ጅሬን ተራራ፦
የይለፍ ቃሉ ጥፋት የለበትም፣ ግሩፕ ነው። ፔርዋይዝ ያንቺና የራውተሩ የግል ቁልፍ ነው። ግሩፕ ግን ራውተሩ ለሁሉም ባንድ ጊዜ ሲናገር የሚጠቀምበት ነው። ፕሪንተሯም እንድትሰማ ቅይጥ ራውተር ግሩፑን በቲኬአይፒ ይይዘዋል። አንቺ ሲሲኤምፒ ብቻ ካልሽ ራውተሩ ስለማያሟላ ላፕቶፑ ይዘለዋል። ግሩፕን ባዶ ተዪው። ከርነሉ ኤንን የሚዘጋው ፔርዋይዙን አይቶ ነው፣ ግሩፑ ቲኬአይፒ ቢሆን ፍጥነትሽን አይነካም።

አዌቱ ዳር፦
ተርሚናሉ ካስቸገረሽ ከዚህም የሚቀል አለ፦ ሴቲንግ ውስጥ ዋይፋዩን «ፎርጌት» በዪና ከአዲስ ግቢ። አዲሱ ፕሮፋይል ምንም ገደብ ስለሌለበት ራሱ ኤኢኤስን ይመርጣል።

ሂርማታ ፕሪንት፦
ፎርጌት ብዬ ገባሁ። አሁን 130.0 ኤምሲኤስ 15 ይላል፣ ስለካው 41 ሜጋ! እግዜር ይስጥልኝ። ተማሪዎቹን ላስተናግድ፣ ማታ ራውተሩንም ወደ ኤኢኤስ ብቻ ላዙረው?

ኪቶ ሰፈር፦
ማዞሩ ይሻላል፣ ቲኬአይፒ ክፍት እስካለ ድረስ ደካማው በር ክፍት ነው። ግን መጀመሪያ ፕሪንተሯን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝተሽ አንድ ገጽ አሳትሚ። እሷ በገመድ መሥራቷን ሳታዪ ራውተሩን አትቀይሪ፣ በተለይ ተማሪ ቆሞ እያለ።