ለቤዝ ጊታር አንድ ትልቅ የስፒከር ሳጥን ወይስ ሁለት ትንንሽ?

ጮቄ_ቤዝ፦
ሰላም ለቤቱ። በደብረ ማርቆስ በአንድ አነስተኛ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ባለ 5 ክር ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ሥራችን በአብዛኛው ሠርግ ሲሆን፣ አንዳንዱ በሆቴል አዳራሽ፣ አንዳንዱም ወደ ደምበጫና ፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ በድንኳን ይከናወናል። እስካሁን ቤዙን የምናስገባው በኪቦርዱ አምፕሊፋየር ስለሆነ፣ ሠርገኛው ለእስክስታ ሲነሣና ድምፁን ከፍ ስናደርገው መንተክተክ ይጀምራል። አሁን አንድ ያገለገለ ባለ 500 ዋት ሄድ (ስፒከር የሌለው፣ ለብቻው የሚሠራ አምፕሊፋየር) ቀርቦልናል። ከእርሱ ጋር 4 ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ያሉትን አንድ ሳጥን ልግዛ ወይስ እያንዳንዳቸው 2 ስፒከር የያዙ ሁለት ሳጥኖችን?

የጣና_ሳውንድ፦
ከዋቱ በፊት ኦሙን፣ ማለትም ሳጥኑ ለኤሌክትሪኩ ያለውን የመቋቋም መጠን ይመልከቱ። 500 ዋት ተብሎ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በ4 ኦም የሚገኘው ኃይል ነው፤ አንድ ባለ 8 ኦም ሳጥን ብቻ ሲያያዝበት የሚወጣው ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥኖች በትይዩ ሲያያዙ 4 ኦም ስለሚሆኑ ሄዱ ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል። ሁለቱም ባለ 4 ኦም ከሆኑ ግን ጭነቱ 2 ኦም ይሆናል፤ ዝቅተኛ ልኩ 4 ኦም የሆነ ሄድ ይህን አይችልም። የዋት ቁጥር ብዙ አያጓጓዎት፤ ኃይሉ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። የወፍራሙ ክር መሠረታዊ ድምፅ 31 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ፣ አብዛኞቹ ሳጥኖች እርሱን በሙሉ ጉልበት አያወጡትም፤ ጆሯችን ከክሩ አብረው ከሚወጡት ከፍ ያሉ ድምፆች (ሃርሞኒክስ) ተነሥቶ ያሟላዋል። ለአዳራሽ ሥራ አንድ ሳጥን ይበቃል፤ ቤዙን ከሄዱ ጀርባ ካለው የዲአይ መውጫ (ድምፁን በቀጥታ ወደ ሚክሰር የሚልክ መሰኪያ) ወደ ሚክሰሩ ይላኩት፤ በአዳራሹ ስፒከሮች ይወጣል።

የቡሬ_መንገደኛ፦
ወንድሜ፣ የአዳራሹ ነገር እውነት ነው፤ በድንኳን ግን አልስማማም። እዚያ የሚወሰደው ስፒከር ለዘፋኙና ለማሲንቆው እንኳ በጭንቅ የሚበቃ ስለሆነ፣ ቤዝ ሲጨመርበት ግጥሙ አይሰማም፤ ስለዚህ ቤዙ በራሱ ሳጥን መቆም አለበት። ሁለቱን ትንንሾች ግዛ። አንዱን በሌላው ላይ ስትደርበው የላይኛው ወደ ጆሮህ ስለሚቀርብ የምትጫወተውን በደንብ ትሰማለህ፤ ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ለመስቀልም ትልቁ ሳጥን ፈተና ነው። ከሄዱ ወደ ሳጥኑ የጊታር ኬብል እንዳታደርግ አደራ፤ ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ይግላል፣ ለስፒከር የተሠራውን ወፍራሙን ተጠቀም።

ጮቄ_ቤዝ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሳጥኖቹ 8 ኦም፣ የሄዱ ዝቅተኛ ልክ ደግሞ 4 ኦም ነው። ይሁንና በጀርባው ላይ 115 ቮልት ብቻ ተጽፎበታል።

የጣና_ሳውንድ፦
የቮልት መቀየሪያ ማብሪያ ከሌለው በቀጥታ 220 ላይ እንዳይሰኩት፤ ወዲያው ይቃጠላል። አቅሙ ለሄዱ ፍጆታ ከበቂ በላይ የሆነ ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ እርሱም በዋጋም በክብደትም ቀላል አይደለም። ሻጩ ያንን ከዋጋው ካልቀነሰ ባለ 220 ሄድ ይፈልጉ።